ፓስ ማለት ዝም ማለት አይደለም

«ካርታ አልነበረኝም!»

ብሪጅ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያውቃታል። የምትመጣውም ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ውሉ ለተጋጣሚ ሄዷል፣ ነጥቡ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ የአራቱም ሰው ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አንዱ አጋሩን «አንተ ሰው፣ አራት ሃርት ታቅፈህ እንዴት ፓስ ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተጠያቂው ደግሞ ረጋ ብሎ «ካርታ አልነበረኝማ! ደግሞስ እነሱ ጣልቃ ገቡብን እኮ!» ይላል። በቃ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ያጠፋ ሰው የለም። ጥፋተኛው ወይ ካርታው ነው፣ ወይ ጣልቃ የገባው ተጋጣሚ ነው።

እኛ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰልችተናታል። ቅዳሜ ማታ ከመካከላችን በአንዱ ሳሎን ተሰብስበን፣ የጨረታ ሳጥን ስለሌለን ጥሪያችንን በወረቀት እየጻፍን መጫወት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁላችንም ብለናታል። ከእኛ መሃል ሁለቱ በእርሷ ሰበብ ለሦስት ሳምንት ተኮራርፈው ሰላምታ እንኳ በሌላ ሰው በኩል ነበር የሚላላኩት። እናም ዛሬ ልንሟገታት ተነሥተናል። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ተጋጣሚ ጣልቃ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የምንሸነፈው ካርታ ስላጣን ሳይሆን ለአጋራችን መናገር ስላቆምን ነው። ፓስን መደበቂያ ዋሻ አድርገነዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት አጋሮች ናቸው። 52ቱ ካርታ ለአራቱ ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። ሁለቱ ወገኖች «ይህ ቀለም አዛዥ ቢሆንልን ይህን ያህል ዙር እንበላለን» እያሉ ይጫረታሉ። «1» ማለት 7 ዙር ነው፣ «4» ማለት 10 ዙር፣ «7» ማለት ሁሉንም 13 ዙር። ቀለሞቹ ከታች ወደ ላይ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ሃርት እና ስፔድ ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዛዥ የሌለበት ኖትራምፕ አለ። ሲደመር 35 ጥሪ ይሆናል። ፓስ፣ ደብል እና ሪደብል ሲጨመሩ 38። ካርታችንን የምንመዝነው ለኤስ 4፣ ለኪንግ 3፣ ለኩዊን 2፣ ለጃክ 1 ነጥብ እየሰጠን ነው፤ በጠቅላላው 40 ነጥብ አለ። ከ38ቱ ጥሪዎች ውጪ ለአጋር ምንም መንገር አይፈቀድም። ቃል ክልክል ነው፤ ጥቅሻም ክልክል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከአጋራችን ጋር ያለን ቋንቋ በሙሉ ይኸው ብቻ ነው። ከዚህችው ላይ ደግሞ ደንግጠን ስንቀንስ ምን ይቀረናል?

«ጣልቃ ገቡብን» የሚባለው ክስ

መጀመሪያ ይህን አቤቱታ እንመልከት። አጋራችን 1 ዳይመንድ ብሎ ጨረታውን ይከፍታል። እኛ የምንመልሰውን አሰናድተን ስንጠብቅ ከጎናችን ያለው ተጋጣሚ 1 ስፔድ ይላል። ፊታችን ይለዋወጣል። ሰውዬው እንደ ባለጌ፣ የሰው ወሬ አቋርጦ እንደገባ ይቆጠርብናል።

ኧረ ለመሆኑ ይኼ ጨረታ አይደለም እንዴ? በጨረታ ላይ ሌላው ዋጋ ሲጨምር «ጣልቃ ገባብኝ» ብሎ የከሰሰ ነጋዴ አይተን አናውቅም። ለነገሩ የጨዋታው አወቃቀር ራሱ ጣልቃ ግቡ ነው የሚለው። ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ በፓናማ ቦይ ሲያልፍ የዛሬውን የብሪጅ መልክ በሰጠው ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ደነገገ፤ ትልቁን ጉርሻ የሚያገኘው በጨረታው እዚያ ድረስ የተጫረተ ወገን ብቻ ነው። 10 ዙር በልተን ውላችን ግን 2 ሃርት ከነበረ የ4 ሃርት ጉርሻ የለንም። እንግዲህ ጉርሻው የሚገኘው በንግግር ከሆነ፣ ተጋጣሚ የንግግር ቦታችንን ሊያጣብብ መሞከሩ ምኑ ይገርማል? ሥራው ነው።

ከዚህም በላይ ግን አቤቱታው ሒሳቡን ስቷል። ያ 1 ስፔድ ምን ወሰደብን? 1 ሃርት እና 1 ስፔድ የሚሉ ሁለት ጥሪዎችን ወሰደ። ምን ሰጠን? አንደኛ፣ ደብልን ሰጠን፤ አጋራችን በከፈተው ላይ ደብል ማለት አንችልም ነበር፣ አሁን ግን እንችላለን። ሁለተኛ፣ የተጋጣሚን ቀለም መልሰን በመጥራት (2 ስፔድ በማለት) «ዳይመንድህን እደግፋለሁ፣ ጠንካራም ነኝ» የምንልበትን መንገድ ሰጠን። ሦስተኛ፣ ፓሳችንን ራሷን አሻሻለልን። ተጋጣሚ ስለተናገረ ጨረታው በእኛ ፓስ አያልቅም፤ አጋራችን ሌላ ተራ ይደርሰዋል። ሁለት ወስዶ ሦስት የሰጠን ሰው ነው እንግዲህ ሌባ እየተባለ የሚከሰሰው!

የደብልን ነገር ደግሞ ዛሬ ነገሬ የሚለው የለም እንጂ ታሪክ አለው። ዱሮ በዚህ ቦታ ደብል ማለት «ተሳስተዋል፣ እንቅጣቸው» ማለት ብቻ ነበር። በ1 ደረጃ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቅጣት ስንት ጊዜ ይገኛል? አልፎ አልፎ። እ.ኤ.አ. በ1957 አልቪን ሮዝ እና ቶባያስ ስቶን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ሥራ ፈት ጥሪ አንሥተው አዲስ ሥራ ሰጡት፦ «ያልተጠሩት ቀለሞች አሉኝ፣ በቂ ነጥብም አለኝ፣ ምረጥ» እንዲል አደረጉት። ሶቪየት ኅብረት ሳተላይቷን ያመጠቀችው በዚያው ዓመት ነበርና ጥሪው «ስፑትኒክ» ተባለ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ተጋጣሚ ቦታ ሲያጣብብባቸው አላለቀሱም። በቀረችው ቦታ ላይ ቤት ሠሩ።

ነገር በምሳሌ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላልና አንድ እጅ እናሳያችሁ። አጋራችን 1 ዳይመንድ፣ ተጋጣሚ 1 ስፔድ ብለዋል። የእኛ ካርታ ይኸው፦ በስፔድ 7 እና 3፤ በሃርት ኪንግ፣ ኩዊን፣ 8 እና 4፤ በዳይመንድ ጃክ፣ 5 እና 2፤ በክለብ ኩዊን፣ 9፣ 6 እና 3። ነጥቡ 8 ነው።

2 ሃርት ማለት አንችልም፤ እሱ 5 ሃርትና ወደ 10 ነጥብ ይጠይቃል። 1 ኖትራምፕ ማለትም አያምርም፤ ስፔዳቸውን የሚያቆም ካርታ የለንም። ስለዚህ «ካርታ የለኝም፣ ፓስ» እንላለን። የተጋጣሚ አጋር 2 ስፔድ ብሎ ይደግፋል። 13 ነጥብ፣ 5 ዳይመንድና 4 ሃርት የያዘው አጋራችን ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር የለም። ብቻውን በ3 ደረጃ ላይ ገብቶ ይሙት? አይገባም፤ እሱም ፓስ ይላል። ተጋጣሚዎች 8 ዙር በልተው 110 ነጥብ ይጽፋሉ። ካርታው ሲዘረጋ በእኛና በአጋራችን እጅ 8 ሃርት ተቀምጦ ይገኛል፤ ስሙን እንኳ የጠራው የለም።

አሁን በዚያው ካርታ ደብል ብለን ቢሆንስ? አጋራችን 4 ሃርት እንዳለን ይሰማል። ተጋጣሚ 2 ስፔድ ቢል እሱ 3 ሃርት ይላል። ምናልባት በአንድ ዙር እንወድቃለን፤ ተጋላጭ ካልሆንን ቅጣቱ 50 ነው። 50 ከ110 ያንሳል፤ ስለዚህ ወድቀን 60 ነጥብ አተረፍን። ተጋጣሚዎች እልህ ይዟቸው 3 ስፔድ ካሉ ደግሞ 8 ዙር ብቻ ነውና የሚበሉት እነሱ ናቸው የሚወድቁት። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ደብል ነው። ካርታው ያው ነው፤ አንዲት ቃል አልተለወጠበትም። የተለወጠው መናገራችን ነው።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም»

አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ይሟገተናል፤ «ፓስ ያለ ሰው አይቀጣም። ገብቶ የወደቀ ግን በነጥብ ይከፍላል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።» ተረቱ ለአፍ እውነት ነው። ለብሪጅ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ፓስ ያለ ሰውም ይከፍላል፣ ብቻ የከፈለው ነገር በእሱ ስም አይጻፍም። ተጋጣሚ 620 ሲጽፍ «ምን ላድርግ፣ ካርታ ደረሳቸው» ይባላል። እኛ ገብተን 100 ስንከፍል ግን «ማን ግባ አለህ?» ይመጣል። ፈሪ ሒሳብ ማለት ይህ ነው፤ በሌላ ስም የተጻፈ ኪሳራን አይቆጥርም።

እስቲ እንቁጠረው። ተጋጣሚዎች ተጋላጭ ናቸው (ማለትም ጉርሻቸውም ቅጣታቸውም ይከብዳል)፤ እኛ አይደለንም። አንዱ 1 ሃርት ይከፍታል፣ አጋራችን 1 ስፔድ ይላል፣ ሌላው ተጋጣሚ በአንድ ዝላይ 4 ሃርት ይላል። ተራው የእኛ ነው። በእጃችን 5 ስፔድ አለ፣ ነጥባችን ግን ከ5 አይበልጥም። አጋራችን 5 ስፔድ እንዳለው ነግሮናል፤ ስለዚህ የእኛ ወገን 10 ስፔድ አለው። እነሱ ወደ 9 ሃርት አላቸው።

ፈረንሳዊው ዣን ረኔ ቬርን «ዘ ብሪጅ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቀው አንድ ስሌት አለ። የእኛ ረጅሙ ቀለምና የእነሱ ረጅሙ ቀለም የካርታ ብዛት ሲደመር፣ እኛ በእኛ አዛዥ፣ እነሱ በእነሱ አዛዥ ብንጫወት ከሚበላው ጠቅላላ ዙር ጋር ይቀራረባል ይላል። በምሳሌያችን 10 እና 9፣ ማለትም 19 ዙር ነው። እንግዲህ፦

እነሱ 10 ዙር ቢበሉ ለእኛ 9 ይደርሰናል። ፓስ ካልን 620 ይጽፋሉ፤ 4 ስፔድ ካልን ደብል ተብለን በአንድ ዙር ወድቀን 100 እንከፍላለን።

እነሱ 11 ቢበሉ ለእኛ 8 ይደርሰናል። ፓስ ካልን 650 ይጽፋሉ፤ 4 ስፔድ ካልን በሁለት ዙር ወድቀን 300 እንከፍላለን።

እነሱ 9 ብቻ ቢበሉ ለእኛ 10 ይደርሰናል። ፓስ ካልን ወድቀው 100 እናገኛለን፤ 4 ስፔድ ካልን ውሉን ሞልተን 420 እናገኛለን።

በሦስቱም መንገድ መናገር ያተርፋል። 5 ነጥብ ይዘን! «ካርታ አልነበረኝም» የሚለው ሰው 5 ስፔዱን ካርታ አላለውም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ጊዜው። ይህን 4 ስፔድ ማለት ያለብን አሁኑኑ ነው። 2 ስፔድ ብሎ ጀምሮ፣ ተጋጣሚ ሲጨምር 3፣ እንደገና ሲጨምር 4 የሚል ሰው በየመሃሉ ለተጋጣሚ መነጋገሪያ ቦታ እየለቀቀ ነው። እነሱ ተመካክረው፣ ጉልበታቸውን ለክተው ከጨረሱ በኋላ መግባት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ያን ጊዜ ደብል ሲሉን እያወቁ ነው።

የተቃዋሚዎቻችን እውነት

ሚዛን እንዳንስት የተቃዋሚዎቻችንንም እውነት እንናገር። ጣልቃ በተገባ ቁጥር ዘሎ መግባት አለብን እያልን አይደለም። 3 ነጥብና አጭር አጭር ቀለም የያዘ ሰው ፓስ ማለቱ ትክክል ነው። ተጋላጭ ስንሆንም ቅጣቱ ቀልድ አይደለም፤ ደብል ተብሎ በአንድ ዙር መውደቅ 200፣ በሁለት 500፣ በሦስት 800፣ በአራት 1100 ነው። በ620 የሚሸጥን ዕቃ በ800 የሚገዛ ሰው ደፋር አይባልም።

የቬርን ስሌትም ቢሆን ስሙ «ሕግ» ይባል እንጂ ሕግ አይደለም። ላሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ስሌቱን በየጠረጴዛው አስገባው፤ ማይክ ሎረንስና አንደርስ ቪርግሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ «ሕግ» የሚሞግት መጽሐፍ ይዘው ብቅ አሉ። አንድ ቀለም ሲያጥረንና ነጥባችን የሚሠራበት ቦታ ላይ ሲሆን ዙሩ ከስሌቱ በላይ ይሆናል፣ አለዚያ ያንሳል ነው ነገራቸው። ትክክል ናቸው። በተጋጣሚ ቀለም ውስጥ ያለን ኪንግና ኩዊን ለመከላከል ይጠቅመናል፤ በራሳችን አዛዥ ስንጫወት ግን ብዙ አይፈይድም። እንዲህ ያለ ካርታ የያዘ ሰው አስቦ፣ መዝኖ ፓስ ቢል ባርኔጣችንን እናነሣለታለን። የምንቃወመው የተመዘነውን ፓስ አይደለም። ሳይመዘን፣ ከድንጋጤ የወጣውን ነው።

የሚያቃስት ፓስ

ከድንጋጤ ፓስ የሚከፋም አለ። ተጋጣሚ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ወዳጃችን ካርታውን ያያል፣ ጣራውን ያያል፣ እርሳሱን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ በመጨረሻም እንደተበደለ ሰው «ፓስ» ብሎ ይጽፋል።

ይህ ፓስ ምን አለ? «ነጥብስ ነበረኝ፣ የምለው ግን አጣሁ» አለ። አራታችንም ሰማን። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ማለት ለዚህ ነው። የብሪጅ ሕግ ቁጥር 16 ደግሞ አጋር ከእንዲህ ያለ ማመንታት ያገኘውን መረጃ እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል። ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ እስካለው ድረስ ማመንታቱ የጠቆመውን መንገድ መምረጥ አይችልም። ውጤቱን አያችሁት? አጋራችን በራሱ ካርታ ተማምኖ ሊገባ አስቦ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ቢገባ «አጋርህ ስላቃሰተ ነው» ይባላል። እኛ ሳንናገር ቀረን፤ በዚያ ላይ የእሱንም አፍ ዘጋንበት። ደግሞ ጨዋ ካልሆነና ማቃሰቱን ሰምቶ ከገባ ያው ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጨዋታው ይህን ችግር ስለሚያውቀው መድኃኒት ፈልጓል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ አጋሮች እንዳይተያዩ ጠረጴዛው በመጋረጃ ይከፈላል፤ ለዓለም ሻምፒዮና መጋረጃው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ለእኛ ለሳሎን ተጫዋቾች የሚሆነው መድኃኒት ግን ከዚህ ይቀላል። ተጋጣሚ ደረጃ ዘሎ ሲጠራ ቀጣዩ ሰው፣ ካርታው ችግር ኖረው አልኖረው፣ ወደ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቅ። ባዶ እጅ የያዘውም፣ 15 ነጥብ የያዘውም እኩል ይጠብቁ። ሁሉም ከጠበቀ መጠበቅ ምንም አይናገርም። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ ጭቅጭቃችን በግማሽ ቀንሷል። ወጪውም 10 ሰከንድ ነው።

ፓስ ሲናገር

ርዕሳችንን ያላመነ ሰው ካለ ይህን የመጨረሻ ምሳሌ ይመልከት። እኛና አጋራችን ተነጋግረን፣ ነጥቡ በአብዛኛው የእኛ እንደሆነ ተረጋግጦ 4 ሃርት ደርሰናል። ተጋጣሚ ለማበላሸት 4 ስፔድ ይላል። ተራው የእኛ ነው። ደብል ካልን «ይበቃል፣ እንቅጣቸው» ማለታችን ነው። 5 ሃርት ካልን «እንቀጥል» ነው። ፓስ ካልንስ? ልምድ ያላቸው አጋሮች ዘንድ ይህ ፓስ «እነሱን ያለ ቅጣት አንለቅም፤ ግን ልቅጣ ወይስ ልቀጥል ብዬ ስላልወሰንኩ አንተ ወስን» ማለት ነው። አጋር ከዚህ በኋላ ፓስ ማለት አይችልም፤ ወይ ደብል ይላል ወይ 5 ሃርት።

እንግዲህ ይህን ፓስ «ካርታ አልነበረኝም» ከሚለው ፓስ ጋር አስተያዩት። በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ግን ውሳኔን ለአጋር በአደራ ይሰጣል፤ ሌላው አጋርን ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ስለዚህ በጠረጴዛችን ላይ አንድ ደንብ አውጥተናል፤ የተመቸው ይውሰደው። እጁ ካለቀና ካርታው ከተዘረጋ በኋላ «ምን ይዘህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀርቷል። የያዘውማ ተዘርግቶ እየታየ ነው። የሚጠየቀው «ምን ነገርከኝ?» ተብሎ ነው። የነገረው ካለ፣ ተሸንፈንም ቢሆን ሻይ ይቀዳለታል። ያልነገረ ሰው ግን «ካርታ አልነበረኝም» ቢል አይሰማም፤ 13 ካርታ ታድሎት ነበር፣ ቆጥረን ነው የሰጠነው።